ለቆሼ አቧራ ሚዛን ማን ይሥራለት?

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቤቴ መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዋን ለመጨረስ የመመረቂያ ጽሑፏ ላይ ናት። እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሮኒክስ መምህርነት ስለጨረስኩ፣ በሰፈራችን የተበላሸ ሬዲዮም የተበላሸ የመመረቂያ ጽሑፍም ወደ እኔ ነው የሚመጣው። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» አለችና አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ያቀረበችው ርዕስ በሙቀት ኃይል የሚንቀጠቀጡ፣ መጠናቸው ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማይበልጥ የሲሊከን ሬዞናተሮችን በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት የሚል ነው። ከርዕሱ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «ፋብሪካ በሌለበት አገር ይህ ምን ይፈይዳል? የሚጨበጥ ነገር ምረጪ» ተብሎ ተጽፏል።

የጻፉትን መምህር አላውቃቸውም፣ ቅንነታቸውንም አልጠራጠርም። ለተማሪ አዝኖ እንዲህ የሚል መምህር እኔም ነበርኩ። ጥያቄው ግን መልስ ይፈልጋል። መልሱንም ለእሷ ብቻ ሹክ ብዬ ዝም ማለት አላስቻለኝም፤ ምክንያቱም እኔም እሷም የምንኖረው ከዘነበ ወርቅ ወረድ ብሎ፣ ከቆሼ አፍንጫ ሥር ነው።

ቆሼን በስም እንጂ በሽታው ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን እየወሰደች የከመረችበት ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ ይዛወራል ተብሎ ተጀምሮ ነበር፤ የአካባቢው አርሶ አደሮች በተቃውሞ ተነሡና በወራት ውስጥ መኪኖቹ ተመልሰው ወደ ቆሼ ዞሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበው፣ ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት የረጲ የኃይል ማመንጫ ተመረቀ።

ከሐዘኑ ማግስት ስለ ምክንያቱ የሰማሁትን ክርክር አልረሳውም። አንዱ ዶዘሩ ነው የገፋው ይላል፤ ሌላው ከሰንዳፋ የተመለሰው ጭነት ነው ይላል፤ ሦስተኛው ውስጥ ውስጡን የሚነደውን እሳትና ጋዙን ያነሳል። ሁሉም በእርግጠኝነት ነበር የሚናገረው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመላለስብኝ ነበር፤ ክምሩ ከመናዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደዘመመ፣ ሆዱ ስንት ዲግሪ እንደሞቀ በእጄ የያዝኩት ቁጥር ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በግልጽ ልናገር፤ የልጅቷ ሬዞናተር ተራራ አይደግፍም፣ ናዳም አይገታም። ያ ሌላ ዓይነት መሣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ሌላ ዓይነት ውሳኔ ይፈልጋል። የእሷ መሣሪያ የሚመዝነው አቧራ ነው። አቧራና ጭስ ደግሞ እንደ ናዳ በአንድ ማታ አይገድሉም፤ ዜናም አይሆኑም። ከሚወርደው ቆሻሻ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ለቅሞ የሚያድረው ሰው፣ ጆንያዋን ተሸክማ ከጭሱ ውስጥ ብቅ የምትለው እናት፣ ለሊቱን መስኮት ዘግተን የምንተኛው እኛም ሳንቀር በየቀኑ ወደ ሳንባችን የምንስበው ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ፣ ከ2.5 ማይክሮን የሚያንሰው ደቃቅ ብናኝ በዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮ ግራም በኪዩቢክ ሜትር መብለጥ የለበትም ይላል። ቆሼ ላይ ዛሬ ጠዋት ስንት ነው? እስቲ አንዱ ይንገረኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው በስልኩ የሚያየው የአየር ጥራት ቁጥር ለዓመታት ይመጣ የነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ካስተከላቸው መለኪያዎች ነበር። ቆሼ ላይ አልተተከሉም፣ ቢሆንም ለከተማው ውለታ ውለዋል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በመላው ዓለም ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን ይህን መረጃ ለሕዝብ ማሰራጨቱን አቆመ። ዋሽንግተን ላይ በጀት ሲቀነስ አዲስ አበባ ላይ ቁጥር ይጠፋል ማለት ነው። በሰው ሚዛን የሚገበያይ ሰው፣ ባለሚዛኑ ሱቁን የዘጋ ዕለት ምን እንደሚውጠው ገበያተኛ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ልጅቷ መሣሪያ ልግባ፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ አስቸጋሪ አይደለም።

ክራር ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። ቀጭኑ ጅማት ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ ወፍራሙ ወፍራም። ክብደት ሲጨምር የመንቀጥቀጡ ፍጥነት፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ ይወርዳል። በአንድ ጅማት ላይ ትንሽ ሰም ብትለጥፉበት ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስንት እንደወረደ በማዳመጥ ብቻ የሰሙን ክብደት ማወቅ ይቻላል። የልጅቷ መሣሪያ ይኸው ነው፤ በጅማት ፋንታ ሁለት የሲሊከን ሳህኖች፣ በሰም ፋንታ የአቧራ ቅንጣት። ሳህኖቹ በጎንና ጎን 100 ማይክሮን፣ በውፍረት 10 ማይክሮን ናቸው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። በመካከላቸው 20 ማይክሮን የሚረዝሙ ቀጫጭን ዘንጎች ያያይዟቸዋል።

ይህን ማን ይነካካዋል? ጣት አይደርስበትም። በዘንጎቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲተላለፍ እንደ ምድጃ ሽቦ ይሞቃሉ፤ ሲሞቁ ይረዝማሉ፤ ሲረዝሙ ሳህኖቹን ገፋ ያደርጋሉ። ሲቀዘቅዙ ይመልሷቸዋል። መርዘሙ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲሊከን በአንድ ዲግሪ የሚረዝመው ከሚሊዮን 2.6 እጅ ስለሆነ፣ ባለ 20 ማይክሮኑ ዘንግ በ100 ዲግሪ ቢሞቅ የሚጨምረው 5 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ግን በትክክለኛው ጊዜ ከተገፋ ይበቃል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን በትንሽ ጣትም ቢሆን ጊዜውን ጠብቆ የሚገፋ ሰው ሰማይ ያደርሰዋል።

እዚህ ጋ አንድ ሰው፣ የሞቀ ነገር ወዲያው ይቀዘቅዛል እንዴ ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ምጣድ ለመጋልም ለመብረድም ስንት ሰዓት ይፈጃል! በዚህ ምክንያት ሙቀት ለፈጣን ነገር አይሆንም የሚል እምነት ለረዥም ጊዜ ነበር። መጠኑ ሲያንስ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የዘንጉ ርዝመት በግማሽ ሲቀንስ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሁሉም ልኩ አብሮ በግማሽ ሲቀንስ የመንቀጥቀጡ ፍጥነት የሚያድገው ግን በእጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እያነሰ በሄደ ቁጥር ሙቀቱ ንዝረቱን እየደረሰበት ይሄዳል። የ20 ማይክሮኑ ዘንግ በግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ምጣዱን የረታው መርፌ ነው ብላችሁ እለፉት።

መንቀጥቀጡን የሚያዳምጠው ጆሮስ? ዘንጉ ራሱ ነው። ሲሊከን ሲጨመቅና ሲለጠጥ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው እምቢታ፣ ሬዚስታንሱ ማለቴ ነው፣ ይለዋወጣል። ይህን ፒዞሬዚስቲቭ የሚባል ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1954 ቻርልስ ስሚዝ የተባለው የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ በሲሊከንና በጀርማኒየም ላይ አሳየ። አንድ ዘንግ፣ አንድ ኤሌክትሪክ፤ ገፊውም አድማጩም እሱው። በዚህ መንገድ የተሠሩ ሬዞናተሮች አየር ላይ የሚንሳፈፍን አንድ ነጠላ ቅንጣት መመዘን እንደሚችሉ የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። በዚያው ዓመት ሆላንዳዊው ፒተር ስቴኔከንና ባልደረቦቹ ኔቸር ፊዚክስ ላይ ያወጡት ደግሞ የበለጠ ያስገርማል፤ የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ ብቻ ሰጥተውት መሣሪያው ራሱን በራሱ ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል፤ ሲኮማተር ይጨምራል፤ ሙቀቱ ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ግፊቱ ሁልጊዜ በልኩ ሰዓት ይመጣል። የሙቀት ሞተር ነው፤ ከባቡር ሞተር በመርህ አይለይም።

እና ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። አራት ኪሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ከተማሪያቸው መስፍን አስፋው ጋር በሙቀት ልዩነት ስለሚንቀሳቀሱ እጅግ ደቃቅ ሞተሮች፣ ብራውኒያን የሚባሉትን፣ ሠርተው በዓለም አቀፍ መጽሔት ያሳተሙት ገና እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በደርግ ዘመን እስርና ግርፋት የደረሰባቸው እኚሁ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል። ፋብሪካ ነበራቸው? አልነበራቸውም። የነበራቸው እኩልታ ነው። «ፋብሪካ በሌለበት አገር ምን ይፈይዳል» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልሴ ይህ ነው።

ሁለተኛው መልሴ ግን የበለጠ ያሳስበኛል፤ እሱም ሲሙሌሽኑ የሚፈልገው ነገር ፋብሪካው ዘንድ የሌለ፣ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ መሆኑ ነው።

ሲሙሌሽን ምንድን ነው? የመሣሪያውን ቅርጽ በኮምፒውተር ላይ እንደ ሰፌድ ስፌት በሺዎች ወደሚቆጠሩ ደቃቅ ቁራጮች ትከፍላለህ። በእያንዳንዷ ቁራጭ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ስንት ሙቀት እንደሚሰጥ፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚያስረዝም፣ መርዘሙ ስንት ውጥረት እንደሚፈጥር፣ ውጥረቱ ሬዚስታንሱን ስንት እንደሚለውጥ ታሰላለህ፤ የተለወጠው ሬዚስታንስ ደግሞ ሙቀቱን ስለሚለውጥ ዞረህ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። አንዱን ረስተህ ሌላውን ብታሰላ መልሱ ውሸት ነው። ልጅቷ ይህን የምትሠራው ኤልመር በሚባል የፊንላንድ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የንግዶቹ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። የፒዞሬዚስቲቩን ክፍል ፕሮግራሙ አዘጋጅቶ ስላልሰጣት ከውጥረቱ ተነሥታ ራሷ ታሰላዋለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ይህን ማድረግ እችል ነበር? እንጃ።

ከእሷ ጋር ሻይ እየጠጣን በወረቀት ጀርባ ያሰላነውን ላካፍላችሁ፤ የጽሑፌ ፍሬ እሱ ነውና። የሁለቱ ሳህኖች ክብደት ተደምሮ ግማሽ ማይክሮ ግራም አይሞላም። ስፋቷ 2.5 ማይክሮን የሆነች የአቧራ ቅንጣት፣ እፍጋቷን እንደ ውኃ ብንወስደው፣ 8 ፒኮ ግራም ያህል ትመዝናለች። ይህቺ ቅንጣት ሳህኑ ላይ ስታርፍ ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 9 እጅ ያህል ይወርዳል። ኤሌክትሮኒክሱ ደህና ከሆነ 9 እጅ የሚታይ ቁጥር ነው። እሰየው አልን።

ቀጥለን ግን የአዲስ አበባን ቀን አስገባን። ሲሊከን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ፍሪኩዌንሲው ከሚሊዮን 30 እጅ ያህል ይቀንሳል። በበጋ ጠዋት 10 ዲግሪ የነበረው ቀትር ላይ 25 ይገባል። 15 ዲግሪ ማለት 450 እጅ ነው። ፀሐይ ስትወጣ መሣሪያው ሃምሳ ቅንጣት አቧራ የወረደበት ይመስለዋል ማለት ነው! አንድም ሳይወርድበት። ማብራቱን ጨምሩበት። የሚያሞቀው ኤሌክትሪክ በ1 በመቶ ብቻ ከፍ ቢል ሙቀቱ በ2 በመቶ ይጨምራል፤ ዘንጉ ከአካባቢው በ100 ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ 2 ዲግሪ ነው፤ ሌላ ሰባት የውሸት ቅንጣት። የሰፈራችንን መብራት የሚያውቅ ሰው 1 በመቶ ስል ይስቅብኛል። በባትሪና በጥሩ ማረጋጊያ እንደሚፈታ አውቃለሁ፤ ግን ዲዛይን አድራጊው ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት።

ሌላም አለ። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የቀጠነ አየር መሣሪያውን የሚገታበት ልክ ይለያል። ትኩስ ነገር ደግሞ ደቃቅ ብናኝን ከራሱ ይገፋል፤ ሙቀት የሚሠራበት ሚዛን የሚመዝነውን አቧራ ራሱ ያባርራል ማለት ነው፤ ስንቱን እንደሚያባርር ካልተሰላ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነቱ ያንሳል። የቆሼ ጭስ እርጥብም ነው፣ ቅባትም አለው፤ ቅንጣቷ ከሳህኑ ጋር ትጣበቃለች ወይስ ትንከባለላለች? ዴንቨር ላይ የተሠራ መሣሪያ የዴንቨርን አየር ይመልስ ይሆናል። የቆሼን ጥያቄ የሚጠይቅለት ከቆሼ የመጣ ሰው ነው።

ታዲያ ይህ «የማይጨበጥ» ነው? ቺፑን ከመሥራት በፊት ያለው ሥራ ሁሉ፣ ዘንጉን ስንት ላድርገው፣ ሳህኑን ስንት ላስፋው፣ ሙቀቱን በምን ላካክሰው የሚለው፣ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ነው። የሲሊከን ፋብሪካ እስኪኖረን ብንጠብቅ ዕድሜያችን ያልቃል፤ ዲዛይን ኖሮን ፋብሪካ ብናጣ ግን መፍትሔ አለው። የብዙ ዲዛይነሮችን ሥራ በአንድ የሲሊከን ሳህን ላይ አጣምረው የሚያትሙ ፋብሪካዎች በውጭ አሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ወጪውን ተካፍለው ጥቂት ቺፖች ይረከባሉ። የሚያስፈልገው ጥቂት የውጭ ምንዛሪና አንድ የሚፈርም ኃላፊ ነው። (ሁለተኛው ከመጀመሪያው እንደሚከብድ አውቃለሁ።)

መምህሩን በአንድ ነገር እደግፋቸዋለሁ። ባለቀለም ሥዕል አውጥቶ «ሲሙሌሽን ሠራሁ» የሚል ተማሪ በዝቷል። ቀይና ሰማያዊ የተቀባች ዘንግ፣ አንድ ግራፍ፣ ከዚያ ምስጋና። የገባው ቁጥር ከየት መጣ ሲባል ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ እውነትም አይፈይድም። ስለዚህ ፈተናው «ፋብሪካ አለህ ወይ» ሳይሆን «የገባው ቁጥር ከምን ተለካ» ቢሆን እላለሁ። የሙቀቱ፣ የእርጥበቱ፣ የአየር ግፊቱ፣ የአቧራው ዓይነት ከቦታው ተለክቶ የገባበት፣ ፋይሉም ለሚቀጥለው ተማሪ ክፍት ሆኖ የተቀመጠ ሥራ ከሆነ በክብር ይለፍ። ዛሬ ግን አንዱ ተመርቆ ሲወጣ ፋይሉ አብሮት በፍላሽ ይወጣል፣ የሚቀጥለው ከዜሮ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደንብ ነው።

መሣሪያው ተሠርቶ ቆሼ ቢተከል እንኳ ጣጣው አያልቅም። ሳህኑ አቧራ ይሞላል፤ ጠርጎ መልሶ መጠቀም ከባድ ስለሆነ ይቀየራል። ከትልቁ መለኪያ ጋር በየጊዜው መመሳከር አለበት፤ አለበለዚያ የውሸት ቅንጣት ሲቆጥር ይከርማል። ቁጥሩ ሲወጣም የማይወዱት ይኖራሉ። ጭሱ ከዚህ ነው የመጣው፣ ከዚያ ነው የሚል ሙግት ይነሣል፤ ይነሣ። በ2009 ዓ.ም. ለቅሶ ቤት ከሰማሁት ሙግት ይሻላል፣ ቢያንስ በእጅ የተያዘ ነገር ይኖረዋል።

ወረቀቱን እንደገና እንድታስገባ መከርኳት። ርዕሱን አላስቀየርኳትም፤ ከሥሩ ብቻ «ለቆሼ የአየር ሁኔታ» የሚል አስጨመርኳት። ለሲሙሌሽኑ የቦታውን ሙቀት ለማግኘት ማክሰኞ ቀትር ላይ አብረን ወጣን። ከቤት የያዝነው የተለመደውን የግድግዳ ቴርሞ ሜትር ነው። ከክምሩ ግርጌ ከመንገዱ ዳር ጥላ ፈልገን አንጠለጠልነው። ጆንያ የያዘ አንድ ወጣት ቆም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምን እየለካችሁ ነው?» አለን። ሙቀቱን አልነው። «ጭሱንስ?» አለ። እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ቴርሞ ሜትሩ 26 ይላል፤ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ሰዓቱንም።